ፓምፑን ከማስወረድዎ በፊት

ጥያቄ፦ አባቴ ትቶልኝ ያለፈው ባለ 4 ሲሊንደር የናፍጣ ፒክአፕ መኪና ዕድሜው ከ25 ዓመት በላይ ሲሆን፣ እሱ ከታመመበት ጊዜ ጀምሮ ሳልባትዮው (የናፍጣ ታንከሩ) እስከ ግማሽ ናፍጣ እንደያዘ 6 ዓመት ቆሟል። ባለፈው ወር አዲስ ባትሪ አስገብቼ፣ የሞተር ዘይቱን ቀይሬ፣ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ብዙ ካስዞርኩት በኋላ ተነሣ። ነገር ግን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት በዝቅተኛ ዙር) ሲሠራ ሙሉ በሙሉ ይንገጫገጫል፣ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ትንሽ ይሻለዋል። እንዲህ ሆኖ 10 ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ጉልበቱ እየሟሸሸ ይጠፋል፤ ሩብ ሰዓት ካረፈ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይነሣል። ያየው ባለሙያ «የናፍጣ ፓምፑ አልቋል፤ ወርዶ መታደስ አለበት፤ ታይሚንጉም (ናፍጣው የሚረጭበት ቅጽበት) ወደፊት መምጣት ይኖርበታል» ብሎኛል። አንድ ወዳጄ ደግሞ ሳልባትዮው ውስጥ ማጽጃ ኬሚካል እንድጨምር፣ ለማስነሣትም በቀላሉ የሚቀጣጠለውን ኤተር እንድነፋበት ይመክረኛል። የአባቴን መኪና ማበላሸት አልፈልግም። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ የአባትዎን ነፍስ ይማር። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ብዙ ሰው «ሞተሩ ጥሩ አይሠራም» ብሎ ብቻ ሲጽፍልኝ፣ እርስዎ ግን ሞተሩ መቼ እንደሚንገጫገጭ፣ ጭሱ ዓይን እንደሚያቃጥል፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሚጠፋና ስንት ጊዜ አርፎ እንደሚነሣ ለይተው ጽፈዋል። ከእነዚህ ምልክቶች ተነሥቼ መኪናዎ ላይ የማየው አንድ ሕመም ሳይሆን ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው። አንደኛው ናፍጣው ከሳልባትዮ እስከ ፓምፑ በሚጓዝበት መንገድ ላይ ያለ ሲሆን፣ ሌላኛው ምናልባት በአንድ ሲሊንደር ላይ ብቻ ያለ ነው። ሁለቱ ተለያይተው እስኪታዩ ድረስ ፓምፑ ደኅና ነው ወይም አልቋል ብሎ መፍረድ የሚችል ሰው የለም፤ ስለዚህ ፓምፑ ለጊዜው ካለበት አይነቃነቅ።

ሞተሩ 10 ደቂቃ ሠርቶ እየሟሸሸ መጥፋቱና ሩብ ሰዓት አርፎ መነሣቱ ብዙ ይነግረኛል። ናፍጣ የሚሳብበት ቱቦ ሳልባትዮው ውስጥ በሚያበቃበት ጫፍ ላይ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ወንፊት አለ። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ከታች የተኛው ዝቃጭ በስበቱ (ናፍጣውን በሚስበው ኃይል) እየተጎተተ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፣ የሚያልፈው ናፍጣ እያነሰ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ሞተሩ የሚበላው አጥቶ ይጠፋል። ስበቱ ሲቆም ዝቃጩ ቀስ እያለ ከወንፊቱ ላይ ስለሚወድቅ መንገዱ ተመልሶ ይከፈታል። የሳልባትዮው ክዳን መተንፈሻ በአቧራ ወይም በነፍሳት ጎጆ ተደፍኖ ከሆነም ተመሳሳይ ነገር ይታያል፤ ናፍጣ እየወጣ በምትኩ አየር ስለማይገባ ሳልባትዮው ውስጥ ባዶነት ይፈጠራልና። ይህን ለመለየት ምንም መሣሪያ አያስፈልግም፦ ሞተሩ መሟሸሽ ሲጀምር ክዳኑን ይክፈቱት፤ አየር «እስስስ» ብሎ ሲገባ ከሰሙና ሞተሩ ነፍስ ከዘራ ጥፋቱ ክዳኑ ላይ ነው። ያለቀ ፓምፕም በግለት ጊዜ ማስቸገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ በአብዛኛው የሚታየው ሞተሩ ረጅም መንገድ ሄዶ በደንብ ከሞቀና ከጠፋ በኋላ አልነሣም ሲል ነው እንጂ፣ በሚኒሞ 10 ደቂቃ ሠርቶ እየደከመ ሲጠፋ አይደለም።

መንገጫገጩ ግን ሌላ ነገር ነው። በደቂቃ 800 ዙር በሚሠራ ባለ አራት ምት ሞተር ውስጥ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ስለሚተኩስ በደቂቃ 400 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 7 ጊዜ ገደማ ይተኩሳል። በሚኒሞ ላይ ለእያንዳንዱ ተኩስ የሚረጨው ናፍጣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ኩብ ብቻ፣ ከአንዲት ጠብታም ያነሰ ነው። መጠኑ ይህን ያህል ጥቂት ስለሆነ በአንዱ ሲሊንደር ላይ ያለች ትንሽ ጉድለት በሚኒሞ ገንና ትታያለች፤ ነዳጅ ሲሰጡት ደግሞ የሚረጨው ናፍጣ ስለሚበዛና የዙሩም ፍጥነት መንቀጥቀጡን ስለሚያለሰልሰው የተሻለው ይመስላል። ጆሮዎን ሰጥተው ያዳምጡት። መንገጫገጩ እንደ አንካሳ እርምጃ ወጥ ምት ካለው፣ ደግሞ ደጋግሞ በእኩል ርቀት የሚመጣ ከሆነ፣ አንድ ሲሊንደር ሥራውን በደንብ እየሠራ አይደለም። ምቱ ወጥ ሳይሆን ሞተሩ ከፍ ዝቅ እያለ የሚዋልል ከሆነ ግን የሁሉም ሲሊንደር የጋራ ችግር፣ በተለይም ናፍጣው ውስጥ የገባ አየር ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። ሙያውን በጀመርኩባቸው ዓመታት ለረጅም ጊዜ መጋዘን ውስጥ የቆመ አንድ የትራክተር ሞተር ልክ እንደ እርስዎ ሞተር እየተንገጫገጨ መጣልኝ፤ እኔም ፓምፑን አወረድኩና ለእድሳት ላክሁት። ታድሶ መጥቶ ሲገጠም ሞተሩ እንደ ቀድሞው መንገጫገጩን ቀጠለ። በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ ባለሙያ መጡና ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሮቹ በሚረጩት ኖዝሎች መካከል ከተዘረጉት፣ ትርፉን ናፍጣ ወደ ሳልባትዮ ከሚመልሱት ቀጫጭን ጎማዎች አንዱን በሁለት ጣታቸው ይዘው መብራት ሥር አጎበጡት። ቀጥ ብሎ ሲያዩት ደኅና ይመስል የነበረው ጎማ፣ ሲጎብጥ በላዩ ላይ እንደ ደረቅ ጭቃ ፍንጣቂ ያሉ ስንጥቆች ከፈቱ። ሞተሩን ያንገጫገጨው ከስንዝር የማይበልጥ ጎማ ነበር። ለባለቤቱ ያስወጣሁት የፓምፕ እድሳት ወጪ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ሳልባትዮው ውስጥ ስላለው ናፍጣ ልንገርዎ። ናፍጣ በተለመደ አያያዝ በደኅና የሚቆየው ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ያህል ነው፤ የእርስዎ ግን 6 ዓመት ቆሟል። ግማሽ በሆነ ሳልባትዮ ውስጥ ከናፍጣው በላይ ያለው አየር ቀን ሲሞቅ ሌሊት ሲበርድ እርጥበቱ በብረቱ ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። ውኃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ድንበር ላይ ደግሞ ናፍጣውን እየተመገቡ የሚባዙ ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎች አሉ፤ እነርሱ የሚተዉት ጥቁር ወይም ቡናማ ዝልግልግ ነገር ነው ወንፊትና ፊልትሮ የሚደፍነው። ናፍጣው ራሱም ከአየር ጋር በመዋሐድ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይፈጥራል። ይህ ሁሉ የሚያመራው የፓምፑ ፒስተንና ቤቱ በመካከላቸው የሚሊ ሜትር ከ2 እስከ 4 ሺህኛ ብቻ፣ ማለትም የሰው ጸጉር ውፍረት ሃያኛውን ያህል ክፍተት ይዘው ወደሚንሸራተቱበት ቦታ ነው። ስለዚህ ዛሬ ፓምፑን አሳድሰው ነገ ከዚሁ ሳልባትዮ ጋር ቢያገናኙት፣ የታደሰውን ፓምፕ ራሱን ለጥፋት ይሰጡታል። የእርስዎ ዓይነት ሞተር ላይ ሥራ ከሳልባትዮው እንጂ ከፓምፑ አይጀመርም የምለው ለዚህ ነው።

ሞተሩን ከእንግዲህ ከማስነሣትዎ በፊት ግን ጥቂት ነገሮች ማየት ይኖርብዎታል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ይመልከቱ፤ እርስዎ ከቀየሩት ወዲህ ዘይቱ ከፍ ብሎ ከሆነ፣ ቀጥኖና ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ከሆነ፣ ናፍጣ ሳቢው ፓምፕ (ናፍጣን ከሳልባትዮው የሚስበው ሌላው ትንሽ ፓምፕ) ውስጥ ያለው ላስቲክ ተቀዶ ወይም አንዱ ኖዝል ናፍጣ እያንጠባጠበ ሊሆን ስለሚችል በዚያ ዘይት ሞተሩን አያሠሩት። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ደግሞ ውኃ ገብቶበታል። የአየር ማጣሪያውን ይክፈቱ፤ ቆሞ የከረመ መኪና ለአይጥ ጥሩ ቤት ነው፣ የተጠቀጠቀ ጨርቅና ሣርም ሞተሩን ትንፋሽ ያሳጣዋል። ሞተሩ ታይሚንጉን የሚጠብቀው በጎማ ቺንጊያ ከሆነ፣ ምንም ያህል ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢሄድ ቺንጊያውን በአዲስ ይለውጡት፤ ጎማ በዓመትም ያረጃልና፣ ቢበጠስ ደግሞ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ተጋጭተው ከዚህ ሁሉ ልፋት በኋላ ቴስታው (የሞተሩ ራስ) ይወርዳል።

አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ፓምፑ ውስጥ የናፍጣውን መጠን የሚወስነው ክፍል በደረቀ ዝቃጭ ከተጣበቀ፣ ሞተሩ ሲነሣ ነዳጅ መስጫውን ሳይነኩት ያለ ልክ ሊፈጥን ይችላል፤ ቁልፉን መዝጋትም ላያቆመው ይችላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሙከራ ጊዜ አንድ ረዳት የአየር መግቢያውን አፍ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠፍጣፋ ጣውላ ይዞ በአጠገቡ ይቁም። አየር ያጣ የናፍጣ ሞተር ይቆማል። ስበቱ ብርቱ ስለሆነ እጅ ወይም ጨርቅ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም።

ወደ ዋናው ፈተና እንግባ። ታጥቦ በደንብ የደረቀ 5 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን፣ አዲስና ንጹሕ ናፍጣ፣ እንዲሁም ናፍጣ የማይጎዳው ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ ያዘጋጁ። መጀመሪያ የናፍጣ ፊልትሮውን በአዲስ ይለውጡ፤ አሮጌውን ግን አይጣሉት፣ ውስጡ ያለውን ወደ ነጭ ሳህን ይገልብጡና ይመልከቱ። ከሥር እንደ ዕንቁላል አስኳል ተለይቶ የሚንከባለል ፈሳሽ ካዩ ውኃ ነው፤ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካዩ ደግሞ ቅድም ያልኩዎት ዝልግልግ ነገር ነው። ከዚያ ከሳልባትዮ የሚመጣውን መስመር ከፊልትሮው መግቢያ ላይ ፈትተው ይድፈኑት፤ ጀሪካኑን ከሞተሩ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ከግለት ርቆ ይስቀሉት፤ በቱቦው ከፊልትሮው ጋር ያገናኙት። ናፍጣ መላሹንም መስመር ከሳልባትዮው ለይተው ወደዚያው ጀሪካን ይመልሱት፤ ይህን የሚዘነጋ ብዙ ሰው አለ። ከፊልትሮው ወደ ፓምፑ በሚሄደው መስመር ላይም አንድ ስንዝር ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ያስገቡ፤ ከዚህ በኋላ የሚያዩት በዚያች መስኮት ነው።

አየሩን ለማስወጣት የፊልትሮውን ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ላላ አድርገው አረፋ ያለው ናፍጣ አልቆ ጥሩው እስኪወርድ ይጠብቁ፤ በእጅ የሚጫን ፓምፕ ካለው በእሱ ይርዱት። ብሎኗን አጥብቀው በፓምፑ መግቢያ ላይም እንዲሁ ያድርጉ። ቀጥለው ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን የብረት ቱቦዎች ዳዶዎች ግማሽ ዙር ያህል አላልተው ናፍጣ እስኪያዩ በሞተሪኖ ያስዙሩት፤ ሞተሪኖውን ግን በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አያሠሩት፣ በየመካከሉም አንድ ሁለት ደቂቃ ያሳርፉት። ዳዶዎቹን መልሰው ካጠበቁ በኋላ ያስነሡትና ለግማሽ ሰዓት ያሠሩት።

ሞተሩ በጀሪካኑ ናፍጣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳይጠፋ ከሠራ፣ የመጀመሪያው ሕመም በአሮጌው ፊልትሮ ላይ ወይም ከእሱ ወደ ኋላ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ነው፤ ይኸውም በፊልትሮው፣ በሳልባትዮው፣ በወንፊቱ፣ በክዳኑ፣ በመስመሩ ወይም በናፍጣ ሳቢው ፓምፕ ላይ ነው። የሳልባትዮውን ናፍጣ ሙሉ በሙሉ አውጥተው፣ ሳልባትዮውን አስወርደው ውስጡን በመብራት ካዩና ካሳጠቡ፣ መስመሩንም በአየር ካስነፉ በኋላ ብቻ መልሰው ያገናኙት። ያወጡትንም ናፍጣ አጣርቼ ልጠቀምበት አይበሉ፤ ጨርቅ ቆሻሻውን ቢይዝ እንኳ በናፍጣው ውስጥ የሟሟውን ሙጫ አይዝም።

አየርን በተመለከተ ብዙ ባለመኪናዎችን የሚያሳስታቸው አንድ ነገር አለ። ናፍጣ በሚሳብበት መስመር ላይ ያለ ስንጥቅ ናፍጣ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ «ምንም የሚያፈስ ነገር የለም» ማለት መስመሩ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ጀሪካኑ ከፍ ብሎ ሲሰቀል ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ አየር ይገባበት የነበረው ቦታ አሁን ናፍጣ ማልቀስ ይጀምራል። ከሰቀሉት በኋላ ሞተሩን ሳያስነሡ አንድ ሰዓት ይተዉትና በፊልትሮው ራስ፣ በእያንዳንዱ የጎማ መጋጠሚያና ማሰሪያ (ፋሸታ)፣ በእጅ ፓምፑ ሥር ነጭ ወረቀት እየነኩ ይፈትሹ፤ ወረቀቱ ከረጠበበት ቦታ ላይ ጎማውን ወይም ላስቲኩን ይለውጡ። 25 ዓመት ያለፈው መኪና ላይ እኔ ብሆን ሳልፈትሽም ናፍጣ የሚያልፍባቸውን ጎማዎች በሙሉ በአዲስ እለውጣቸዋለሁ። አየር ይህን ያህል የሚጎዳው ናፍጣ ሲጫኑት እጅግ ጥቂት ብቻ ስለሚታመቅ፣ አየር ግን በቀላሉ ስለሚታመቅ ነው፤ ፓምፑ የሚፈጥረው ግፊት አየሩን በማመቅ ያልቅና ኖዝሉ በሰዓቱ አይከፈትም፣ ወይም ከመርጨት ይልቅ ያንጠባጥባል።

ናፍጣው ንጹሕ ሆኖ፣ በመስኮቷም አረፋ ሳይታይ፣ ሞተሩ አሁንም ወጥ በሆነ ምት የሚንገጫገጭ ከሆነ ሁለተኛውን ሕመም ወደ መፈለግ ይለፉ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ የአንደኛውን ኖዝል የብረት ቱቦ ዳዶ በቁልፍ በጥቂቱ ያላሉት፤ ናፍጣው ወደ ኖዝሉ መሄዱን ትቶ በዳዶው በኩል ስለሚፈስስ ያ ሲሊንደር ሥራ ያቆማል። ሲያላሉት ሞተሩ ይበልጥ ከተንገጫገጨና ድምፁ ከወረደ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ አጥብቀው ወደሚቀጥለው ይለፉ። ሲያላሉት ምንም ለውጥ የማያሳየው ሲሊንደር ግን የሚፈልጉት እሱ ነው። ይህን ሲያደርጉ የዓይን መከላከያ ያድርጉ፣ ዳዶውን በጨርቅ ከልሉ፣ እጅዎንም ከሚረጨው ናፍጣ ያርቁ። በዚህ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል፤ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢመስልም በውስጡ የገባው ናፍጣ ሥጋውን ስለሚገድል በሰዓታት ውስጥ በቀዶ ሕክምና መታየት አለበት፣ «ነገ አየዋለሁ» የሚባል ነገር አይደለም። ይህ ዘዴ እንደ እርስዎ ላሉት፣ ሙሉ በሙሉ በሜካኒካል ፓምፕ ለሚሠሩ አሮጌ ሞተሮች ብቻ መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ አዳዲሶቹ በኮምፒዩተር የሚታዘዙ ኮመን ሬል ሞተሮች ላይ ግፊቱ ከ1000 ባር በላይ ስለሚደርስ ዳዶ ማላላት ለሕይወት ያሰጋል።

ደካማውን ሲሊንደር ካወቁ በኋላ የእሱን ኖዝል ከጎረቤቱ ጋር ያቀያይሩና ፈተናውን ይድገሙት። ድካሙ ኖዝሉን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የኖዝሉ ነው፤ ድካሙ በነበረበት ሲሊንደር ላይ ከቀረ ደግሞ ኖዝሉ ነጻ ወጣ። በሚገጥሙበት ጊዜ ከሥሩ የሚገባውን የመዳብ ሮንዴላ በአዲስ ይለውጡት፣ አሮጌውም ቀዳዳው ውስጥ ተጣብቆ እንዳልቀረ በመብራት ያረጋግጡ። 6 ዓመት የቆመ ሞተር ላይ የኖዝል መርፌ በሙጫ መጣበቁ የተለመደ ነው፤ እኔ ከመኪናዎ የምጠብቀውም ይህንኑ ነው። ኖዝሎቹን ወደ ናፍጣ ፓምፕ ባለሙያ ይዘው ሄደው በመፈተሻው ላይ እንዲያስነፏቸው እመክርዎታለሁ። የመክፈቻ ግፊታቸው እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል፦ ቅድመ ማቃጠያ ክፍል ባላቸው አሮጌ ሞተሮች ከ115 እስከ 150 ባር፣ ናፍጣው በቀጥታ ፒስተኑ ላይ በሚረጭባቸው ደግሞ ከ175 እስከ 250 ባር አካባቢ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር በሞተርዎ መመሪያ ላይ ይገኛል። ግፊቱ ብቻ ግን አይበቃም። ርጩ እንደ ጭጋግ ሆኖ መውጣቱን፣ ከተረጨ በኋላም ጫፉ ደረቅ ሆኖ መቅረቱን በዓይንዎ ይመልከቱ፤ ጫፉ ላይ ጠብታ የሚያንጠለጥል ኖዝል ግፊቱ ልክ ቢሆን እንኳ አያገለግልም።

ዓይን የሚያቃጥለው ነጭ ጭስ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ ከዚሁ ደካማ ሲሊንደር የሚወጣ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቀዝቃዛው ሞተር በተነሣ በመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ብቻ የሚታይ ከሆነ አየሩን የሚያሞቁት ካንዴሊታዎች መታየት አለባቸው፤ በ12 ቮልት የሚሠሩት አብዛኞቹ ደኅና ሲሆኑ ከ1 ኦም ብዙም ያልራቀ መቋቋም ያሳያሉ፣ የተቃጠለው ግን መስመሩ ተቆርጦ ይገኛል። ጭሱ ዓይን የማያቃጥል፣ የሚጣፍጥ ሽታ ያለውና የራዲያተሩ ውኃ የሚጎድልበት ከሆነ የቴስታው ጓርኒሲዮን (በቴስታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ይጠረጠራል፤ ደብዳቤዎ ግን ወደዚያ አያመለክትም።

ኖዝሉ ነጻ ወጥቶ ሲሊንደሩ ደካማ ሆኖ ከቀረ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት) ይለካ። የቤንዚን ሞተር መለኪያ ለዚህ አይሆንም፤ ቢያንስ እስከ 40 ባር የሚያነብ የናፍጣ መለኪያ ያስፈልጋል። ደኅና የሆነ አሮጌ የናፍጣ ሞተር እንደ ዓይነቱ ከ20 እስከ 34 ባር ያሳያል፤ ለእኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይናገራል፣ ብዙ መመሪያዎችም ከ3 እስከ 5 ባር በላይ ልዩነት አይፈቅዱም። አንዱ ሲሊንደር ወርዶ ቢያገኙት እንኳ ወዲያው ቴስታ ወደ ማውረድ አይሂዱ። ሞተር ሲቆም ሁልጊዜ አንዳንድ ቫልቮች ተከፍተው ነው የሚቆሙት፤ በተከፈተው ቫልቭ በኩል በ6 ዓመት የገባው እርጥበት የሲሊንደሩን ግድግዳና የቫልቩን መቀመጫ በስሱ ያዝገዋል፣ በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ፋሻዎችም በደረቀ ዘይት ተጣብቀው ይቀራሉ። መጀመሪያ የቫልቮቹን ክፍተት አስለክተው ያስተካክሉ። ከዚያም ናፍጣው ንጹሕና ኖዝሎቹ ደኅና ከሆኑ በኋላ መኪናውን በሚኒሞ ከማቆየት ይልቅ ጭነት ይዞ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ይንዱትና እንደገና ያስለኩት። የተጣበቁ ፋሻዎች በሥራና በሙቀት ሲላቀቁ፣ የወረደው ቁጥርም ሲመለስ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ካልተመለሰ ያኔ ቴስታው ይወርዳል።

ፓምፑ የሚከሰሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከጀሪካኑ ንጹሕ ናፍጣ እየደረሰው፣ በመስኮቷ አረፋ ሳይታይ፣ ኖዝሎቹ ተፈትሸው፣ ኮምፕሬሽኑም ተመጣጥኖ እያለ ሞተሩ ከፍ ዝቅ እያለ የሚዋልል፣ ወይም ደካማው ሲሊንደር ላይ ዳዶው ሲላላ ከሌሎቹ ያነሰ ናፍጣ የሚፈስስ፣ ወይም በፓምፑ ዘንግ በኩል ናፍጣ የሚያፈስ ከሆነ፣ ባለሙያው ያሉት ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ያኔ ያለ ቅሬታ ያሳድሱት። ታይሚንጉን ግን በምንም ምክንያት በግምት እንዳያስነኩት። ሞተሩ ከመቆሙ በፊት በደኅና ይሠራ ከነበረና ማንም ፓምፑን ካልፈታው፣ ታይሚንግ በመቆም ብቻ ከቦታው አይሄድም። በተበላሸ ኖዝል ላይ ታይሚንጉን ወደፊት ማምጣት ጭሱን ለጊዜው ሊቀንሰው ይችላል፤ በምትኩ ግን ሞተሩ ይንኳኳል፣ ፒስተኑም ከልክ በላይ ይግላል። ከመነካቱ በፊት ፓምፑና ሞተሩ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለው ምልክት ትይዩ መሆኑን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ወዳጅዎ የመከሩዎትን በተመለከተ፣ ማጽጃው ኬሚካል ሳልባትዮው ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ናፍጣ ላይ ቢጨመር ኖዝሎቹን ሊረዳ ይችላል። አሁን ቢጨምሩት ግን በሳልባትዮው ግድግዳ ላይ የደረቀውን ሁሉ አላቆ በአንድ ጊዜ ወደ ፊልትሮው ይልከዋል። ኤተሩን ፈጽሞ አይሞክሩት፤ ካንዴሊታዎቹ የጋሉበት ሞተር ውስጥ ሲገባ ፒስተኑ ወደ ላይኛው ጫፍ ሳይደርስ ፈንድቶ ፋሻ ይሰብራል፣ አንዳንዴም ፒስተን ይሰነጥቃል።

በዚህ ሳምንት ፊልትሮውን ቀይረው ጀሪካኑን ይስቀሉ። ከዚያም ሦስት ነገሮችን ይጻፉልኝ፦ በነጩ ሳህን ላይ ምን እንዳዩ፣ በመስኮቷ አረፋ ያልፍ እንደሆነና ሞተሩ በጀሪካኑ ናፍጣ ስንት ደቂቃ እንደሠራ። ዳዶዎቹንም አላልተው ከሞከሩ ለውጥ ያላሳየው ሲሊንደር ከፊት ሲቆጠር ስንተኛው እንደሆነ ይጨምሩልኝ፤ የሚቀጥለውን ምክሬን ከዚያ ላይ እቀጥላለሁ።